ጎብኚ ሲቀርም የሚጸና ጥበቃ

የመንዝ አርሶ አደር ቤቱን በጓሳ ሣር ይከድናል፤ ከዚያው ሣር ገመድ ይገምዳል፤ እረኛው ዝናብ ሲመጣ የሚደርበውን ገሳ የሚሠራውም ከዚሁ ሣር ነው። ድርቅ ሲጠና ደግሞ ከብቱን ከሞት የሚያተርፍለት ይኸው የጓሳ መስክ ነው። ስለ ጓሳ ጥበቃ ሲወራ ቀድመው የሚነሱት ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዝንጀሮ ናቸው። ቦታውን ለብዙ መቶ ዓመታት ያቆየው ግን የአርሶ አደሩ የቀበሮ ፍቅር አልነበረም። ሣሩን ስለሚፈልገው ነው የጠበቀው። ቀበሮውም፣ ጭላዳውም፣ ምንጩም በሣሩ ጥላ ሥር ተረፉ።

ይህ እውነት በየስብሰባው ይረሳል። ከሰሜን ተራሮች እስከ ጓሳ፣ ከአቡነ ዮሴፍ እስከ አላጥሽ በአማራ ክልል ያሉ ጥብቅ ስፍራዎች ጉዳይ በተነሳ ቁጥር መፍትሔው በአንድ ቃል ይቋጫል፤ ቱሪዝም። ጎብኚ ይመጣል፣ ገቢ ይገኛል፣ አርሶ አደሩም ከግጦሹ ይልቅ ከጎብኚው ስለሚጠቀም ደኑንና እንስሳውን ይጠብቃል ይባላል። ሐሳቡ ከሥሩ ስህተት አይደለም። በ1999 ዓ.ም የወጣው የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅም በዱር እንስሳት ላይ የተመሠረተ ቱሪዝም እንዲስፋፋ ይፈልጋል። ችግሩ ጠቅላላውን ሸክም ጎብኚው ላይ መጫኑ ነው። ጎብኚ ደግሞ የሚቀርባቸው ዓመታት አሉ።

ለዚህ ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በ2012 ዓ.ም የኮሮና ወረርሽኝ ሲገባ የውጭ ጎብኚ በአንድ ጊዜ ቆመ። በሽታው ጋብ ሳይል በሰሜኑ የሀገሪቱ ክፍል ጦርነት ተነሳ፤ ከዚያም ወዲህ የጸጥታው ችግር ጎብኚውን አራቀው። በደባርቅ በአስጎብኚነት፣ በምግብ አብሳይነት፣ በስካውትነትና በበቅሎ ኪራይ ይተዳደር የነበረው ሰው ገቢው ነጠፈ። በቅሎ ደግሞ ጎብኚ መጣም ቀረም ገብስ ትበላለች። እንዲህ ባለ ጊዜ ባለበቅሎው ፊቱን ወዴት ያዞራል? ወደ እርሻው፣ እርሻው ካልበቃው ወደ ፓርኩ ሣር ነው። «ከጎብኚ ትጠቀማለህና ከብትህን አውጣ» ተብሎ የተነገረው አርሶ አደር፣ ጎብኚው ሲቀር ከብቱን መልሶ ቢያስገባ ውል አፍርሷል ለማለት ያስቸግራል። ውሉ መጀመሪያ የፈረሰው በሌላው ወገን ነውና።

እንግዲህ ጥያቄው ቱሪዝም ይኑር ወይስ አይኑር የሚል አይደለም። ጎብኚ በማይመጣበት ዓመት ጥበቃው በምን ይቆማል ነው። ለዚህ ጥያቄ ጓሳ የሚሰጠው መልስ አለ።

ጓሳ በሰሜን ሸዋ፣ ከመሐል ሜዳ ከተማ አቅራቢያ፣ ከ3 ሺህ 200 እስከ 3 ሺህ 700 ሜትር ከባሕር ወለል በላይ የተዘረጋ፣ ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ የውርጭ መስክ ነው። በምዕራብ በኩል የሚወርደው ውኃው ወደ ጀማ አልፎ ወደ አባይ ይገባል፤ በምሥራቅ ገደሉን የሚወርደው ወደ አዋሽ ይሄዳል። የመንዝ አባቶች ይህን መስክ «ቄሮ» በሚባል ሥርዓት ያስተዳድሩት ነበር። መነሻው ወደ 17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንደሚደርስ ይነገራል። ሥርዓቱ እንዲህ ነው። ሣሩ እስኪጎለምስ ድረስ ጓሳ ለ3 ዓመት፣ አንዳንዴም እስከ 5 ዓመት ይዘጋል። በዚህ ጊዜ ከብት አይገባበትም፣ ማጭድ አይነካውም። በሕዝብ የተመረጡ አለቆች ሣሩ መድረሱን አይተው የሚከፈትበትን ቀን ያስታውቃሉ፤ ይህም ብዙ ጊዜ በጋው በጸናበት በየካቲትና በመጋቢት ነበር። መጀመሪያ አጫጁ ይገባል። ሣሩ ከታጨደ በኋላ ከብቱ ይለቀቃል። ክረምቱ ሲገባ፣ የሐዋርያት ጾም በሚፈታበት በሐምሌ 5፣ ሁሉም ከብቱን ይዞ ይወጣል። ሳይፈቀድ ያጨደ ይቀጣል፤ የጥበቃ ተራውን ያልወጣም እንዲሁ። ደንቡ ሃይማኖታዊ ክብደትም ስለነበረው በሌሊት ሰው ሳያየው አጭዶ ለመሄድ የሚደፍር ብዙ አልነበረም።

ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። በዚህ ሁሉ ውስጥ ጎብኚ የሚባል የለም። የዘጋው አርሶ አደር፣ የከፈተው አርሶ አደር፣ የተጠቀመውም አርሶ አደር ነው። ቦታው የሚዘጋው ለዘለዓለም ሳይሆን እስከ ታወቀ ጊዜ ስለሆነ የሚጠብቀው ሰው የሚጠብቅበትን ምክንያት ያውቀዋል።

ሥርዓቱን ግን ያለ ነቀፋ ማወደስም አይገባም። ቄሮ በአጽመ ርስት ላይ የቆመ ነበር። የመጀመሪያዎቹ አቅኚ አባቶች ዘር የሆነ ከሣሩ ድርሻ ሲኖረው፣ የዘር ሐረጉን መቁጠር ያልቻለ ሰው በር ላይ ይቀር ነበር። የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው የ1967 ዓ.ም አዋጅ ሲመጣ ርስቱ ቀረ፤ ከርስቱ ጋርም ቄሮው ወደቀ። ጓሳ የሁሉም በሆነ ጊዜ የማንም ያልሆነ ያህል ተበላ፤ ሣሩ ሳይደርስ ይታጨዳል፣ ከብት ዓመቱን ሙሉ ይሰማራበታል። በኋላ በዙሪያው ያሉ ቀበሌዎች ነዋሪዎች ኮሚቴ አቋቁመው፣ መተዳደሪያ ደንብ አውጥተው የቀድሞውን መዝጋትና መክፈት በአዲስ መልክ መለሱት። በአዲሱ ሥርዓት የሚጠየቀው ዘር ሳይሆን ነዋሪነት ነው። የክልሉ መንግሥትም ለቦታው በማኅበረሰብ የሚጠበቅ ስፍራነቱን በሕግ አጸናለት። ጎብኚ የሚያድርበት የማኅበረሰብ ሎጅ የተሠራው ኮሚቴውና ደንቡ ከቆሙ በኋላ ነው።

ቅደም ተከተሉ ትልቅ ትምህርት አለው። በጓሳ ቱሪዝሙ የመጣው ቀድሞ በቆመ ነገር ላይ ነው። ሎጁ ሰው ያጣበት ዓመት ቢኖር እንኳ አርሶ አደሩ ሣሩ የሚደርስበትን ወራት ቆጥሮ የሚጠብቀው ነገር አለው። ከመግቢያና ከሎጁ የሚገኘው ገንዘብ ተጨማሪ ነው፤ መሠረት አይደለም።

በሰሜን ተራሮች የሆነው ከዚህ ይለያል። ፓርኩ በሕግ የተከለለው በ1962 ዓ.ም ነው። በ1970 ዓ.ም በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ በዓለም የመጀመሪያዎቹ 12 ቅርሶች ውስጥ የነበረ ሲሆን፣ ከእነዚያ መካከል ላሊበላም ይገኝበታል። ክብሩ ትልቅ ነው። ግን ክልሉ የተሠመረው ሰው በሚያርስበት፣ ከብት በሚያሰማራበት ምድር ላይ ሲሆን፣ የከለለውም ከላይ የመጣ አካል ነው። አርሶ አደሩ በአንድ ማለዳ የአባቱ መስክ «ፓርክ» ተባለበት። ዋሊያው ቁጥሩ በመመናመኑ፣ የሰውና የከብት ጫና በመበርታቱና መንገድ በፓርኩ ውስጥ በማለፉ በ1989 ዓ.ም ቅርሱ በአደጋ ላይ ካሉት መዝገብ ገባ። ከዚያ መዝገብ ለመውጣት 20 ዓመት ያህል ፈጅቷል፤ የወጣው በ2009 ዓ.ም ነው።

በዚህ መካከል ከተወሰዱት እርምጃዎች ትልቁ በ2008 ዓ.ም የግጭ መንደር መነሳት ነው። በፓርኩ እምብርት ይኖሩ የነበሩ ከ400 በላይ አባወራዎች ወደ ደባርቅ ሄደው ሰፈሩ። ከከብት ኮቴ ያረፈው የግጭ አምባ ሣሩ ማገገም ይዟል፤ ይህ መልካም ነው፤ ሊካድም አይገባም። ነገር ግን ካሳ የሚከፈለው አንድ ጊዜ ሲሆን ገብሱ በየዓመቱ ነበር። ዕድሜውን በሙሉ በበሬና በበግ የኖረ ሰው ከተማ ስለገባ ብቻ ነጋዴ አይሆንም። ሌላ ቦታ ተመሳሳይ እርምጃ የሚያስብ አካል ካለ መጀመሪያ ሊመልሰው የሚገባው ጥያቄ ቤትና ገንዘብ ተሰጠ ወይ የሚለውን አይደለም። ይህ አባወራ ከ5 ዓመት በኋላ በምን ይተዳደራል የሚለውን ነው።

አሁንም በተራሮቹ ዙሪያ ያለው አርሶ አደር ጥቂት አይደለም። መሬቱ ተዳፋት ነው፤ ገብሱ በውርጭና በበረዶ መካከል የሚያድግ ነው፤ ከብቱ መኖ ያጣል። የዋሊያ ቁጥር በቅርብ ዓመታት እንደገና ማሽቆልቆሉ ሲነገር፣ ጣት የሚቀሰረው ወዲያው ወደዚህ አርሶ አደር ነው። አደን ካለ አደን ወንጀል ነውና በሕግ ይጠየቅ። ይሁንና ይህ ገበሬ ሌላም ታሪክ አለው። በ2011 ዓ.ም ፓርኩ በእሳት ሲያያዝ ከእስራኤል የመጡ ባለሙያዎችና ከኬንያ የመጣ ሄሊኮፕተር እስኪደርሱ ድረስ ቅጠል ይዞ፣ አፈር እየበተነ ከእሳቱ ጋር የታገለው የአካባቢው ሰው ነበር። ውኃ በእንስራ በሚቀዳበት ገደል ላይ ይህን ያደረገ ሕዝብ የፓርኩ ጠላት ነው ብሎ መነሳት ፍርደ ገምድልነት ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ብዙው ሥራ በቱሪዝም ቢሮ እጅ ሳይሆን በግብርና ጽሕፈት ቤቶች እጅ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ቀዳሚው መኖ ነው። በጥብቅ ስፍራ ላይ ያለው ትልቁ ጫና ልቅ ግጦሽ ነው፤ ልቅ ግጦሽ ደግሞ በጥበቃ ሠራተኛ ጠመንጃ አይቆምም። የራበው በሬ አለና። በደጋው አየር አጃ ይበቅላል፤ ቬች ከአጃ ጋር ተደባልቆ ይዘራል፤ ትሪሉሰርን በየአጥሩ ሊተከል ይችላል፤ ፋላሪስ በእርከን ላይ ተተክሎ አፈርም ይይዛል፣ ከብትም ይመግባል። ይህ አዲስ ግኝት አይደለም፤ የልማት ጣቢያ ሠራተኞች ሁሉ ያውቁታል። የሚጎድለው የመኖ ዘሩ በፓርክ አዋሳኝ ቀበሌዎች ቅድሚያ አግኝቶ በወቅቱ መድረሱ ነው። አዋሳኝ ቀበሌ ከሌላው ቀበሌ እኩል ኮታ ከተሰጠው ከሌላው የበለጠ ግጦሽ የተከለከለ መሆኑ ተረስቷል ማለት ነው። በጓሳ እንደሚደረገው ሣር አጭዶ መውሰድ በደንብና በወቅት የሚፈቀድባቸው የፓርክ ጠርዞች መኖር አለመኖራቸውም በባለሙያ ሊጠና ይገባዋል። ታጭዶ የሚወጣ ሣርና በከብት ኮቴ የሚረገጥ ሣር ለመሬቱ አንድ አይደሉም።

ከመኖው ቀጥሎ የእንስሳቱ ዓይነትና ቁጥር ይመጣል። የደጋ ገበሬ ብዙ ከብት የሚይዘው ስለሚኮራበት ብቻ አይደለም፤ ባንኩ ስለሆነ ነው። ሰብሉ በውርጭ ከተመታ በግ ይሸጣል። ስለዚህ «ከብት ቀንስ» ማለት «የቁጠባ ደብተርህን ቅደድ» ከማለት ይቆጠራል፣ በምትኩ የተሻለ ነገር ካልተሰጠው። የደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከል ከመንዝ አርሶ አደሮች ጋር ሆኖ የመንዝ በግን በዚያው በአካባቢው፣ ምርጥ አውራ በግ በጋራ እየመረጡ የማሻሻል ሥራ መሥራቱ እዚህ ላይ ይጠቀሳል። ጥቂት ግን ቶሎ የሚደርስ፣ ደህና ዋጋ የሚያወጣ በግ ያለው ሰው ብዙ ከሲታ በግ ተራራ ለተራራ አያሰማራም። ይህ ልምድ በሰሜን ተራሮች ዙሪያ ካሉ ወረዳዎች ቢደርስ ለዋሊያው ከብዙ አጥር ይሻለዋል።

የውሻ ክትባት ጉዳይ ትንሽ ይመስላል። በዓለም ላይ ከ500 የማይበልጥ ጎልማሳ ቁጥር እንደቀረው የሚገመተው ቀይ ቀበሮ ከሚፈራቸው ነገሮች አንዱ ከመንደር ውሻ የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በሽታው ሰውንም ከብትንም ይገድላል። ስለዚህ የእንስሳት ጤና ባለሙያው በአዋሳኝ ቀበሌዎች ውሾችን ሲከትብ ቀበሮውን፣ ላሟንና የገበሬውን ልጅ በአንድ መርፌ ይጠብቃል። ይህን የሚያህል ርካሽ የጥበቃ ሥራ ማግኘት ይከብዳል፤ ሆኖም በቱሪዝም ዕቅዶች ውስጥ ስሙ ሲነሳ አይሰማም።

ጭላዳውም አለ። ጎብኚው ደረቱን ፎቶ እያነሳ የሚደሰትበት ጭላዳ፣ ለገብሱ ባለቤት ልጁን ከትምህርት ቤት አስቀርቶ ማሳ የሚያስጠብቅ እንስሳ ነው። በግ ላይ የሚደርሰውም ጉዳት እንዲሁ ነው። ጉዳት ሲደርስ የሚመዘግብ፣ የሚያይና መልስ የሚሰጥ አካል በየቀበሌው መኖር አለበት። ከጎብኚ የሚገኘው ገንዘብ ቢያንስ በከፊል ለዚህ ቢውል፣ አርሶ አደሩ ጎብኚውንና ጭላዳውን አንድ ላይ ማሰብ ይጀምራል። አሁን ግን ጭላዳው የእሱ ዕዳ፣ ጎብኚው የሌላ ሰው ሲሳይ ሆነው ይታዩታል።

ወደ ቱሪዝሙ ገቢ ሲመጣም ከመጠኑ በላይ የሚያከራክረው መንገዱ ነው። በአንድ ተራራ ላይ የሚያልፍ ጎብኚ የመግቢያ ይከፍላል፣ የመኝታ ይከፍላል፣ የመኪና ይከፍላል። ከዚህ ውስጥ ገደሉ ሥር ላለው ገብስ አምራች የሚደርሰው ምንድን ነው? አስጎብኚና በቅሎ አከራይ ማኅበራት በተራ መሥራታቸው የሚበረታታ ነው፤ ግን በቅሎ የሌለው፣ እንግሊዝኛ የማይናገር፣ ከመንገዱ ራቅ ብሎ የሚኖር አብዛኛው አርሶ አደር ከዚህ ውጭ ነው። እሱን የሚያገኘው ምርቱ ነው። በጥብቅ ስፍራ ውስጥና አጠገብ ያሉ ሎጆች ድንቹን፣ እንቁላሉን፣ ማሩን፣ የበግ ሥጋውን፣ ለበቅሎ የሚሆነውን ገብስ ከአዋሳኝ ቀበሌ የኅብረት ሥራ ማኅበራት እንዲገዙ በፈቃድ ውላቸው ውስጥ ማስገባት ከባድ ሥራ አይደለም። የመንዝ እናቶች ከበግ ጠጉር የሚፈትሉት ክርና ከዚያው የሚሠራው ባና ለብርዳሙ የጓሳ ሌሊት የሚሆን፣ ጎብኚም ይዞት የሚሄድ ዕቃ ነው። ጎብኚ ሲቀር ደግሞ ድንቹም፣ በጉም፣ ባናውም ሌላ ገበያ አላቸው፤ ከአስጎብኚነት የሚለዩትም በዚህ ነው።

የማኅበረሰቡ ድርሻ የሚባለውም ገንዘብ እንዲሁ በግልጽ መታየት አለበት። ስንት ጎብኚ ገባ፣ ስንት ብር ተሰበሰበ፣ ለየትኛው ቀበሌ ስንት ደረሰ፣ ምን ተሠራበት የሚለው በጽሕፈት ቤት መዝገብ ውስጥ ከቀረ አርሶ አደሩ እንዳልደረሰው ይቆጥረዋል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ አርብ ከጸሎት በኋላ ወይም በገበያ ቀን ሕዝብ በተሰበሰበበት ቢነበብ ምንም ወጪ የለውም። መጠኑ ትንሽ ሲሆንም ይነበብ። አርሶ አደሩ የትንሽ ብርን ትንሽነት ይረዳል፤ የማይረዳው የማያየውን ብር ነው። ጎብኚ ባልመጣበት ዓመትም «ዘንድሮ ባዶ ነው» ተብሎ በይፋ ቢነገረው ከዝምታው የተሻለ ነው። ያን ጊዜ የእርሱ ጥያቄ ሣሩ መቼ ይከፈታል ወደሚለው ይመለሳል፤ መልሱም ሊኖር ይገባል።

የመንግሥት አካላት እዚህ ላይ እርስ በርስ መገናኘታቸው ግድ ነው። ፓርኩን የሚያስተዳድረው አካል፣ የቱሪዝሙ ጽሕፈት ቤት፣ ግብርናውና የመሬት አስተዳደሩ በየራሳቸው ዕቅድ ወደ አንድ ቀበሌ ሲመጡ አርሶ አደሩ የሚሰማው እርስ በርሱ የሚጋጭ ነገር ነው። አንዱ «እርሻህን አስፋ፣ ምርትህን አሳድግ» ሲለው ሌላው «ከዚህ በላይ አትውጣ» ይለዋል። ሁለቱም ከመንግሥት ነው የመጡት። በአዋሳኝ ቀበሌዎች አንድ የጋራ ዕቅድ፣ ወሰኑ በሕዝቡ ፊት በችካል የተለየ መሬትና አንድ ተጠያቂ ኃላፊ መኖር ከብዙ አውደ ጥናት ይልቃል።

ሰላሙ ሲመለስ ጎብኚው ይመለሳል የሚል ተስፋ በደባርቅም በመሐል ሜዳም አለ። የተራራው የጉብኝት ወቅት የሚጀምረው ዝናቡ ካቆመ በኋላ፣ ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ ነው። አጃና ቬቹ መዘራት ያለባቸው ግን ክረምቱ ሲገባ፣ በሰኔ ነው፤ ዘሩም ከዚያ በፊት ከቀበሌ መጋዘን መድረስ አለበት።